ሠሪ፦ ያልታወቀ

የዛሬ ሁለት ዓመት ከድሮው የቀበሌ ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም ስንዛወር፣ ትርፍ ዕቃ የመሸጥ ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። ቤታችን ውስጥ "ኢንተርኔት የሚያውቀው" እኔ ነኝና ማንም አልተከራከረም። አሮጌውን ቁም ሳጥን፣ ድምፅ ብቻ የሚያወጣውን ቴሌቪዥን፣ እግሩ የተሰበረውን ሶፋ አንድ በአንድ ፎቶ አንስቼ የቴሌግራም መሸጫ ቻናል ላይ ለጠፍኩ። ከነሱ ጋር በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልለው አልጋ ሥር የተቀመጡ ሦስት የሐረር ሰፌዶች ነበሩ። አዲሱ ቤት ጠባብ ነው፤ ሰፌድ የት ይሰቀላል? ደግሞ ለዓመታት ማንም ፈቷቸው አይቶ አያውቅም። እነሱንም ለጠፍኳቸው።

አንዲት ገዢ "ማን ነው የሰፋቸው? ስንት ዓመታቸው ነው?" ብላ ጻፈችልኝ።

"ኦርጅናል የሐረር ናቸው" ብዬ መለስኩ።

ሁለቱን ወሰደች። ሦስተኛውን ጠርዙ ተጠግኗል ብላ ተወችው።

ማታ እናቴ ሽንኩርት እየላጠች "ሰፌዶቹን የት አደረግካቸው?" አለችኝ። ነገርኳት። አልተቆጣችም። ትንሽ ቆይታ "ማን እንደሰፋቸው ታውቃለህ?" አለች። በአንድ ቀን ሁለቴ ያንኑ ጥያቄ ተጠየቅኩ፤ መልሱን አላውቅም። "በቃ ተወው" አለችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። በማግስቱ ብሩን ልመልስልሽና ሰፌዶቹን ልውሰድ ብዬ ለገዢዋ ጻፍኩላት። ጥሩ ሰው ነች፣ ጭራሽ እሷው ይቅርታ ጠየቀችኝ። ሰፌዶቹ ግን ያኑ ዕለት ማታ ወደ ካናዳ በሚሄድ ዘመዷ ሻንጣ ውስጥ ገብተው ሄደዋል።

ይሄ ጽሑፍ ሐረር ውስጥ ስላለ አንድ ትንሽ ሙዚየም ነው። ያ ምሽት ባይኖር ግን ሙዚየሙን እንደማንኛውም ጎብኚ ዞር ዞር ብዬ፣ ሁለት ሰልፊ ተነስቼ እወጣ ነበር። ለዚህ ነው ከሽንኩርቱ የጀመርኩት።

ሃምሳ ኪሎ ሜትር

ከስምንት ወር በኋላ ለሥራ ድሬዳዋ ሄድኩ። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሲስተም ልንተክል ነበር። ሥራው አርብ አለቀ፤ የመመለሻ በረራዬ እሑድ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ ሐረር ወጣሁ። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ብዙው ዳገት። እውነቱን ለመናገር የሄድኩት ማታ ጅብ ሲመገብ ለማየት ነው። ቀኑን ማሳለፊያ ስፈልግ ነው ሙዚየም የገባሁት።

የሚገርመው እናቴ የተወለደችው እዚያው ሐረር ነው። አባቷ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ቤታቸው ከግንቡ ውጭ። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት ጠቅልለው አዲስ አበባ ገቡ። እኔ ግን ስለ ከተማዋ የማውቀው ቢራዋንና ጅቧን ነበር። እንደኔ ዓይነቱ ሰው ብዙ ስለሆነ ታሪኩን በአጭሩ ልንገራችሁ።

ግንቡ ጀጎል ይባላል። የተሠራው በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአሚር ኑር ዘመን ነው። የጥንት በሮቹ አምስት ናቸው፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር። ግንቡ ውስጥ ያለው ቦታ ሃምሳ ሄክታር እንኳን አይሞላም። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው ግን በዚያች ጠባብ ቦታ 82 መስጊዶችና 102 ዚያራ የሚደረግባቸው ስፍራዎች እንዳሉ ጽፏል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ለ240 ዓመት ያህል የራሷ አሚሮች ገዝተዋታል። የራሷ ቋንቋ፣ የራሷ ገንዘብ ነበራት። ሐረሪዎች ከተማቸውን "ጌይ" ነው የሚሏት፤ ትርጉሙ "ከተማ" ማለት ነው፣ በቃ። ስም መጨመር ሳያስፈልግ።

ከዚያ ነገሮች ተፋጠኑ። በ1868 ዓ.ም. ግብፆች ገቡና አሥር ዓመት ያህል ቆዩ። እነሱ በወጡ በሁለት ዓመት ውስጥ፣ በ1879 ዓ.ም.፣ የንጉሥ ምኒልክ ጦር ጨለንቆ ላይ የአሚር አብዱላሂን ጦር አሸነፈ። የሐረር አሚርነት እዚያ ላይ አበቃ። መኮንን፣ በኋላ ራስ የሆኑት፣ የከተማዋ ገዥ ሆነው ተሾሙ። ልጃቸው ተፈሪ ከሐረር ብዙም በማይርቀው ኤጀርሳ ጎሮ ተወለዱ፤ ጊዜው ሲደርስ እሳቸውም የሐረር ገዥ ሆኑ፤ ከዚያ ደግሞ ንጉሠ ነገሥት።

ሙዚየሙ ያለው በእኚህ ሰው ስም በሚጠራ ቤት ውስጥ ነው።

የራስ ተፈሪ ቤት

ሸሪፍ ሙዚየም በጠባብ መንገዶች መካከል ባለ ፎቅ ቤት ውስጥ ነው። ሳይነግሯችሁም ህንድ ህንድ ይላል፤ የእንጨት ሥራው፣ የተቀረጸው በሩ። ያሠራው ህንዳዊ ነጋዴ ነው ይባላል። ተፈሪ መኮንን ወይዘሮ መነንን በ1903 ዓ.ም. ሲያገቡ የጫጉላ ጊዜያቸውን እዚህ አሳለፉ ተብሎም ይነገራል። ስለዚህ "ራስ ተፈሪ ቤት" ተባለ፤ እንደዚያ ሆኖ ቀረ።

እዚያው ጀጎል ውስጥ "ራምቦ ቤት" የሚባል ሌላ ቆንጆ ፎቅ አለ። ስሙ የፈረንሳዩ ገጣሚ የአርተር ራምቦ ነው። ሰውየው እውነትም ሐረር ኖሯል፤ ግጥም መጻፉን ትቶ ቡናና መሣሪያ ይነግድ ነበር። ቤቱ ግን የተሠራው እሱ ከሞተ በኋላ ነው። ያላደረበት ቤት ስሙን ይዞ ቆሟል። ይሄን አስጎብኚው ሲነግረኝ ስቄ አለፍኩት። የከነከነኝ በኋላ ነው።

ሙዚየሙን ያቋቋሙት አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ የሐረር ሰው ናቸው። መንግሥት ቀጥሯቸው ወይ የውጭ ድርጅት ገንዘብ ሰጥቷቸው አይደለም የጀመሩት። ደርግ በወደቀበት ጊዜ አካባቢ ነው የከተማቸውን ዕቃ መሰብሰብ የጀመሩት፤ የመጀመሪያው ሙዚየምም የገዛ መኖሪያ ቤታቸው ነበር። ዕቃው ሲበዛና ስሙ ሲሰማ ነው የክልሉ መንግሥት ይሄን ቤት የሰጣቸው። በእጅ የተጻፉ መጻሕፍት ሰበሰቡ፤ የተጎዱትን መጠገን ያዙ፤ የተረሳውን የሐረር አጠራረዝ ጥበብ እንደገና ለማስነሳት ሠሩ። የድሮ ዘፈኖችንም ቀድተው አስቀመጡ።

እስቲ አስቡት። አንድ ሰው የጎረቤቱን በር አንኳኩቶ "የአያትህን መጽሐፍ አሳየኝ" ይላል። በሩን የሚከፍተው ሰው ማሰብ ያለበት ነገር ብዙ ነው፦ ይሸጥብኝ ይሆን? ወደ ውጭ ይልከው ይሆን? ለመንግሥት ይናገር ይሆን? የትልልቆቹ ሙዚየሞች ታሪክ ዘመቻ፣ ግዢና የነገሥታት ስጦታ ነው። እዚህ ክፍሎቹን የሞላው ጎረቤት በጎረቤት ላይ ያለው እምነት ነው።

ውስጡ ብዙ ነገር አለ፤ ሰይፍና ጋሻ፣ የብር ጌጣጌጥ፣ የሴቶች ልብስ፣ የቁርኣን ቅጂዎች፣ አሮጌ ፎቶዎች። እኔን መጀመሪያ ያቆመኝ ሳንቲሙ ነው። የሐረር አሚሮች የራሳቸውን ገንዘብ ያሳትሙ ነበር፤ መሐለቅ ይባላል። በ1847 ዓ.ም. ከተማዋ ገብቶ አሥር ቀን የቆየው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን፣ በመሐለቁ አንድ ፊት ላይ የከተማዋ ስም፣ በሌላው ላይ የሂጅራ ዓመት እንደተጻፈ መዝግቧል። መሐለቅ የሚለው ስም ኋላ በምኒልክ ገንዘብ ላይም ቀጥሏል። ጥፍር የምታክል ብረት ነች፤ ግን የት እንደተሠራችና መቼ እንደተሠራች በራሷ ላይ ይዛለች። በእኛ ቋንቋ ሜታዳታዋ አብሯት ነው።

መጻሕፍቱም እንደዚያው ናቸው። እንዲህ ዓይነት የእጅ ጽሑፍ ሲያልቅ ገልባጩ ብዙ ጊዜ መጨረሻው ላይ ስሙንና የጨረሰበትን ጊዜ ያሰፍራል። ዱዓ አድርጉልኝ ብሎ የሚጨምርም አለ። ሦስት መቶ ዓመት አልፎት እንኳን ሰውየውን በስሙ ትጠሩታላችሁ።

ከዚያ ሰፌዶቹ ያሉበት ደረስኩ።

ግድግዳው

አንዱ ቁርጥ የኛን ይመስላል። መሀሉ ላይ ኮከብ፣ ከኮከቡ ዙሪያ ቀይና ጥቁር ደረጃ ደረጃ እየሠራ ወደ ጠርዙ ይወጣል። ቆሜ ቀረሁ። ሰው ከኋላዬ ሲመጣ እያሳለፍኩ ብዙ ጊዜ ቆየሁ።

የኮምፒውተር ሰው ስለሆንኩ መጀመሪያ ያየሁት ቁጥሩን ነው። እንዲህ ያለው ስፌት ከመሀል ነው የሚጀመረው። የአክርማ እጅብ እንደ ገመድ ተጠቅልሎ ይዞራል፤ በላዩ ላይ ስንደዶ፣ ቀለም ከተነከረ ደግሞ አለላ፣ በወስፌ እየተበሳ ይጠመጠምበታል። አንድ ዙር ሲያልቅ የሚቀጥለው ዙር ይሰፋል፤ ስለዚህ የጥልፉ ቁጥርም መጨመር አለበት። ኮከቡ ስድስት ጫፍ ካለው ስድስቱም ጫፍ በየዙሩ እኩል ማደግ አለበት፤ አንዱ ጋ ሁለት ጥልፍ ከተሳሳተ ከአምስት ዙር በኋላ ኮከቡ ይጣመማል። ስህተቱን ለማጥፋት እስከዚያ ድረስ የተሰፋውን መፍታት ነው። ትልቅ ሰፌድ ወራት ይወስዳል። ወረቀት የለም፣ ንድፍ የለም፤ ቁጥሩ ያለው ሴትየዋ ጭንቅላት ውስጥ ነው። እኔ ሃምሳ መስመር ኮድ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጠፋለሁ፣ ሦስት ጊዜ እመልሳለሁ።

ከሰዓት በኋላ አስጎብኚው ለጎብኚ ክፍት የሆነ አንድ ጌይ ጋር አስገባኝ፤ "ጋር" በሐረሪ ቤት ማለት ነው። ሰፌዱ ከሙዚየሙ ይልቅ እዚያ ነው የገባኝ።

ዋናው ክፍል ወንበር የለውም። በምትኩ ነደባ የሚባሉ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉ፤ በባህሉ አምስት ናቸው። አባወራው የሚቀመጥበት አለ፣ እንግዳ የሚቀመጥበት አለ፣ በሩ ጥግ ያለ አለ። ገብታችሁ የት እንደምትቀመጡ ስታውቁ በቤቱ ውስጥ ማን እንደሆናችሁ ታወቀ ማለት ነው። መደቡ ቀይ አፈር ተቀብቷል፤ ቀይነቱ የጨለንቆ ሙታን መታሰቢያ ነው የሚሉ አሉ። ግድግዳው ላይ ደግሞ ጥግ እስከ ጥግ ዕቃ ነው፦ በግድግዳው ውስጥ የተሠሩ መደርደሪያዎች፣ ከእንጨት የተጠረቡ ጥቁር ገበታዎች፣ ሳህኖች፣ ከሁሉም በላይ ሰፌዶች። ዝም ብሎ የተሰቀለ የለም። መጠናቸው፣ ቀለማቸው፣ ጥንድነታቸው ሁሉ ተቆጥሮ ነው።

ይሄን ግድግዳ የምታዘጋጀው ሴቷ ነች። ስፌቱን የምትማረው ገና በልጅነቷ፣ ሞያ ጋር በሚባል ቤት ከሌሎች ልጃገረዶች ጋር ተቀምጣ፣ ከባለሙያ ሴት እጅ ነው። "ሞያ" የሚለውን ቃል እኛም እንጋራዋለን። ስታገባ ስፌቶቿ አብረዋት ይሄዳሉ፤ አዲሱ ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ጌይ ጋር ውስጥ ለዘመናት አንድ ትንሽ ሙዚየም ነበር፤ ሰብሳቢዋም፣ አሳዪዋም፣ አንዳንዴም ሠሪዋ ያቺው የቤቱ እመቤት። መለያ ጽሑፍ አያስፈልግም፤ እንግዳ ቀና ብሎ "ይሄ የማን ነው?" ካለ መልሱ እዚያው ነደባው ላይ ተቀምጦ ቡና ይጠጣል።

በዚህ ዓይን ሳየው "የጌጣጌጥ ጥበብ" እና "ሥነ ጥበብ" የሚለው ክፍፍል ግራ አጋባኝ። በአውሮፓ ልማድ ሥዕል ሥነ ጥበብ ነው፣ ሠሪው ይፈርምበታል፤ ሳህንና ቅርጫት ደግሞ ጌጣጌጥ ነው፣ የቦታው ስምና ክፍለ ዘመኑ ከተጻፈበት ይበቃዋል። ይሄ ልማድ እኛም ጋ ገብቷል። ሠዓሊዎቻችንን በስም እንጠራለን፤ ሰፌድ ሲሆን ግን "የሐረር" እንላለን፣ አለቀ። እኔ ለዚያች ገዢ የመለስኩላት መልስ ይሄው ነበር።

ሻንጣ

ሰፌድ ከግድግዳ ወርዶ ሻንጣ ውስጥ ወይ ሙዚየም ውስጥ እንዴት ገባ? ይሄን ለማወቅ የሐረርን የመቶ ዓመት ታሪክ ከቤቱ ውስጥ ሆኖ ማየት ይጠይቃል።

በ1879 ዓ.ም. ሥልጣኑ ሄደ፤ ቤቱ ግን ቆየ። ከዚያ በ1940 ዓ.ም. ኩሉብ በሚባለው እንቅስቃሴ ሐረሪዎች ያነሱት የፖለቲካ ጥያቄ በእስርና በንብረት መወረስ ተመለሰ፤ ብዙ ቤተሰብ ግንቡን ትቶ ወደ ድሬዳዋና ወደ አዲስ አበባ ወጣ። በ1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬትንና ትርፍ ቤትን ሲወርስ ከግንቡ ውጭ ባላቸው እርሻ ይተዳደሩ የነበሩ ሐረሪዎች ዋና ገቢያቸውን አጡ። ከዚያ በኋላ ስደቱ ባሕር ተሻገረ፤ ሳዑዲ፣ አሜሪካ፣ አውስትራሊያ፣ ካናዳ። ዛሬ ቶሮንቶ ውስጥ ብዙ ሐረሪ አለ።

ሰው ሲሰደድ ግድግዳውን ይዞ አይሄድም። ሁለት ሻንጣ ነው የሚፈቀድለት። የተወሰነው ዕቃ ለዘመድ ይሰጣል፣ የተወሰነው ይሸጣል፣ የተወሰነው ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ይገባል። የኛ ሦስት ሰፌዶች አልጋ ሥር የገቡት እኛ ስለተሰደድን አይደለም፤ ግን መንገዱ አንድ ነው። ዕቃው ቤት በቀየረ ቁጥር "ይሄ የማን ነው?" ብሎ ለሚጠይቅ መልስ የሚሰጠው ሰው ይቀንሳል። እናት ታውቃለች። ልጅ በከፊል ያውቃል። ሦስተኛው ትውልድ፣ ማለትም እኔ፣ "ኦርጅናል" ይላል።

ሙዚየም ይሄን መንገድ መሀሉ ላይ ያቆመዋል። ዕቃው እንዳይበሰብስ፣ እንዳይሸጥ፣ ከከተማው እንዳይወጣ ያደርጋል። ሸሪፍ ሙዚየም ባይኖር እዚያ ካየኋቸው መጻሕፍት ስንቱ ዛሬ ሐረር ውስጥ እንደሚገኝ አላህ ይወቀው። ስሙን ግን ሙዚየም ከየት ያመጣዋል? ሳንቲሙ ላይ ተቀርጿል፣ መጽሐፉ ላይ ተጽፏል። ሰፌዱ ላይ የትም የለም። የሰፌድ ሠሪ ስም የሚኖረው በሰው አፍ ላይ ብቻ ነው፤ ያ ሰው ሲሞት፣ ወይ ልጁ ሳይጠይቀው ሲቀር፣ ዕቃው ሙዚየም ከመድረሱ በፊት ስሙ ጠፍቷል። ያኔ ነው በዓለም ሙዚየሞች ሁሉ በእጅ ሥራ ሥር የምናየው ያ አጭር ቃል የሚጻፈው፦ ሠሪ፣ ያልታወቀ። ቃሉ ራሱ ያስቸግራል። ታውቃ ነበር እኮ! ጎረቤቷ ያውቃታል፣ አማቷ ታውቃታለች፣ ሞያ ጋር አብራት የተቀመጠችው ሁሉ "ይሄማ የእሷ እጅ ነው" ብላ ከሩቅ ትለየዋለች። "አልጠየቅንም" ቢባል ለእውነት ይቀርባል።

የህንዱ ነጋዴ ቤት በራስ ተፈሪ ስም፣ ሌላው በራምቦ ስም መጠራቱ ያኔ ነው ተመልሶ የመጣብኝ። ስም ወዴት እንደሚሄድ ያሳያል። ወደ ሠራው ሳይሆን ወደሚታወቀው ነው የሚሄደው።

ማታ ጅቡን ለማየት አልሄድኩም። ደከመኝ ብዬ ተኛሁ።

ሦስተኛው

እሑድ ማታ ቤት ገብቼ ሦስተኛውን ሰፌድ ከነጠላው ፈታሁትና እናቴ ፊት አስቀመጥኩት።

"ማን ነው የሰፋው?" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። "አሁን ነው የምትጠይቀኝ?" አለች። ግን ነገረችኝ።

አያቴ ሐረር እያለች ጀጎል ውስጥ አንዲት ሐረሪ ወዳጅ ነበራት። የሴትየዋ ባል ሱቅ ነበረው፤ የእናቴ አባት ለሱቁ ዕቃ ያመላልስ ነበር፤ በዚያ ተዋወቁ። "ለአረፋ እነሱ ጋ፣ ለፋሲካ እኛ ጋ ነበር" አለች እናቴ። "ወንድሜ ሲወለድ አያትህን ያረሷት እሳቸው ናቸው። አማርኛ ሲናገሩ ይጣፍጥ ነበር።" ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ሊወጣ ሲል ሴትየዋ ከግድግዳቸው ሦስት ሰፌድ አውርደው ለአያቴ ሰጧት። አዲስ አበባ ግድግዳሽ ባዶ እንዳይሆን አሏት። ሁለቱን የሰፏቸው እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

"ይሄኛውስ?"

"ይሄኛው የእናታቸው ነው።"

ገዢዋ የተወችው ሰፌድ ከሦስቱ ሁሉ የቆየው ነበር ለካ። ጠርዙን አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ አይጥ በልቶት፣ አያቴ መርካቶ ሄዳ አለላ ገዝታ በራሷ እጅ ጠገነችው። ቀለሙ አልገጠመላትም፤ የሐረሩ ቀይ ጠቆር ያለ ነው፣ የእሷ ብርቱካን ይመስላል። እናቴ ጣቷን በጥገናው ላይ እያስሄደች "ስትናደድበት ትዝ ይለኛል" ብላ ሳቀች። አያቴ ወስፌ መያዝ እንደምትችል እንኳን አላውቅም ነበር።

ያን ሌሊት ላፕቶፔን ከፍቼ ትንሽ ዳታቤዝ ሠራሁ፤ ለሦስት ሰፌድ ዳታቤዝ ያስቃል፣ ግን ሌላ የማውቀው ሞያ የለኝም። ዕቃ፣ ቦታ፣ ዘመን፣ ሠሪ። እንደለመድኩት አንድ ዕቃ አንድ ሠሪ ብዬ ነበር የነደፍኩት። ሦስተኛው ሰፌድ ላይ ስደርስ አልሠራም፤ ሁለት ሴቶች ሰፍተውታል፣ አንዷ ሐረር፣ ሌላዋ አዲስ አበባ። ሰንጠረዡን አፍርሼ እንደገና ሠራሁት።

ከዚያ ሞላሁት። የሴትየዋን ስም እናቴ በደንብ ታስታውሳለች፤ ልጆቻቸውን ሳላስፈቅድ እዚህ አልጽፈውም። የእናታቸውን ስም ግን አታውቅም። "እማማ እንላቸው ነበር፣ ስማቸውን ማን ይጠይቃል?" አለች። ስለዚህ አሁን መዝገቤ ይሄን ይመስላል፦ የሠሪያቸው ስም የታወቀው ሁለቱ ሰፌዶች በእጄ የሉም። በእጄ ያለው ደግሞ ግማሽ ስም ብቻ አለው፤ የጠጋኟ፣ የአያቴ ስም። ዋናው ሣጥን ባዶ ነው።

"ያልታወቀ" ብዬ ልጽፍበት ነበር። ተውኩት። "ገና ያልተጠየቀ" ብዬ ጻፍኩ። እናቴ እንደምትለው ሴትየዋ በእሷ ዕድሜ ያለች ልጅ አለቻቸው፤ መኪና ግርግር አካባቢ፣ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ላይ ነበር ቤታቸው። የሚቀጥለው ረጅም ዕረፍት ሲመጣ ከእናቴ ጋር እንሄዳለን። ሐረርን ካየች ሠላሳ ምናምን ዓመት ሆኗታል።

ከመተኛቴ በፊት ቴሌግራም ከፍቼ ያቺን ገዢ ፈለግኳት። የመጨረሻ መልእክቷ ከስምንት ወር በፊት የላከችው ይቅርታ ነው። ከሱ ከፍ ብሎ ጥያቄዋ እንዳለ አለ፦ "ማን ነው የሰፋቸው?"

ሪፕላይ አልኩና የሴትየዋን ስም ጻፍኩ። ሐረር፣ ጀጎል። የተሰጡት ለአያቴ ነው፣ ግድግዳዋ ባዶ እንዳይሆን። ከቻልሽ ካናዳ ላለችው ዘመድሽ ንገሪልኝ፣ ከጀርባቸው ይጻፍበት አልኳት።

ጠዋት ስነሳ መልስ ነበረኝ። "እሺ፣ እነግራታለሁ" ይላል። ከሥሩ ደግሞ "የኛም ቤት አንድ አለ፣ የማን እንደሆነ ግን እናቴን ጠይቄያት አላውቅም።"

ሦስተኛው ሰፌድ አሁን ከቴሌቪዥኑ ጎን ተሰቅሏል።